የትልቁ አንጀት ቁስለት መድኃኒት ያመጣብኝን ችግር ታግሼ ልቀጥል ወይስ ላቋርጥ?

የሸዋው (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 34 ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ለረጅም ጊዜ ሲያሠቃየኝ ቆይቶ፣ መጀመሪያ አሜባ ነው ተብዬ ሜትሮኒዳዞል በተደጋጋሚ ከወሰድኩ በኋላ፣ በመጨረሻ በኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ በሚያይ ምርመራ) እና ከአንጀቴ በተወሰደ ናሙና አልሰረቲቭ ኮላይተስ፣ ማለትም የትልቁ አንጀት የውስጥ ሽፋን ብግነትና ቁስለት እንዳለብኝ ተረጋገጠ። ሐኪሜ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ብግነት የሚያበርድ ስቴሮይድ በቀን 40 ሚሊግራም አስጀምሮኝ በየሳምንቱ 5 ሚሊግራም እየቀነስኩ እንድሄድ አዘዘልኝ፤ ከዚሁ ጎን ለጎን ሰልፋሳላዚን የተባለውን ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን በቀን አራት ጊዜ ሁለት ሁለት እንድውጥ ነገረኝ።

ደሙ ቆሟል፤ የሆድ ቁርጠቱም ጠፍቷል፤ ስለዚህ መድኃኒቶቹ መሥራታቸውን አልጠራጠርም። ነገር ግን ሰልፋሳላዚኑን ከዋጥኩ በኋላ ያቅለሸልሸኛል፣ የምግብ ፍላጎቴ ቀንሷል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ራሴን አጥብቆ ያመኛል። ሽንቴ ብርቱካናማ ሆኗል፤ ነጭ ሸሚዝ ስለብስ ብብቱ ሥር ቢጫ ይሆንብኛል። አሁን ጾም በመግባቱ የጠዋቱን ክኒን የምውጠው በባዶ ሆዴ ነው፤ ይህ ነገሩን ያባባሰው ይመስለኛል። ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ ግን ይህ መድኃኒት የወንድን ዘር ያመክናል የሚለው ወሬ ነው፤ ባለቤቴና እኔ ልጅ ለመውለድ ያሰብነው በዚህ ዓመት ነበርና።

ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ታግሼ የማልፈው፣ የትኛውስ አደገኛ እንደሆነ የምታውቁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም። ደሙ ከቆመ ዘንድ መድኃኒቱን በራሴ ባቆመውስ ምን ይመጣብኛል?

ፋርማሲስት ከአዲስ አበባ

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደሙ ቆመልዎ። ለመጨረሻው ጥያቄዎ መልሴ በራስዎ ውሳኔ እንዳያቆሙት ነው። ይህ በሽታ ደሙ ሲቆም አብሮ የሚጠፋ ሳይሆን አድፍጦ የሚቆይና ዳግም የሚያገረሽ ነው፤ ሰልፋሳላዚንና መሰሎቹ የሚሰጡትም የተነሣውን ብግነት ለማብረድ ብቻ ሳይሆን የበረደው እንዳይነሣ ለመጠበቅ ጭምር ነው። ሆኖም «ታግሼ ልቀጥል» የሚለውን ምርጫም አልደግፍም፤ የጠቀሷቸው ችግሮች አብዛኞቹ መፍትሔ አላቸውና።

የእርስዎን ችግሮች ለመለየት መድኃኒቱ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ይረዳል። ስዊድናዊቷ ሐኪም ናና ስቫርትዝ በ1930ዎቹ መጨረሻ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ይህን መድኃኒት ያዘጋጁት በዋናነት ለመገጣጠሚያ ብግነት ነበር፤ በወቅቱ ሕመሙ ከባክቴሪያ ጋር ይያያዛል የሚል ግምት ስለነበር ባክቴሪያን የሚዋጋ የሰልፋ መድኃኒትና ብግነትን የሚያበርድ ሳሊሲሌት በአንድ ላይ እንዲጣመሩ አደረጉ። ክኒኑ እንደ ጥማድ በሬ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ እስከ ትልቁ አንጀት ይዘልቃል፤ እዚያ ሲደርስ ቀንበሩን የሚፈቱት በአንጀት ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። ከሁለቱ የትኛው አንጀትን እንደሚፈውስ ለብዙ ዓመታት አልታወቀም ነበር፤ በ1977 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ሁለቱን ለየብቻ በፊንጢጣ በኩል ለሕሙማን ሰጥተው ሲያነጻጽሩ ሥራውን የሚሠራው ሜሳላዚን የተባለው ሳሊሲሌት እንደሆነ አሳዩ። ሰልፋፒሪዲን የተባለው ሌላኛው ክፍል ሜሳላዚኑን አድርሶ ከተለየ በኋላ በአብዛኛው ወደ ደም ይገባል፤ እርስዎ የዘረዘሯቸው ችግሮች አብዛኞቹ የሚመጡትም ከእርሱ ነው።

ወደ እያንዳንዱ ልምጣ። ብርቱካናማው ሽንትና ቢጫው ላብ የመድኃኒቱ ቀለም ነው፤ ጉዳት የለውም፤ የዓይን ሌንስ የሚያደርጉ ከሆነ ግን ሌንሱንም ሊያቀልመው ይችላል። የዓይንዎ ነጩ ክፍል ቢጫ ከሆነ ግን ያ ከቀለሙ ጋር የሚያያዝ ስላልሆነ የጉበት ምርመራ በቶሎ ያሠሩ።

ማቅለሽለሹ፣ የምግብ ፍላጎት መቀነሱና የራስ ምታቱ በጣም የተለመዱ ናቸው፤ የመድኃኒቱ መግለጫ እነዚህና የወንድ ዘር መቀነስ ከሦስት ሰው በአንዱ ያህል እንደሚታዩ ይናገራል። መጠን ሲጨምር ይጨምራሉ፣ መጠን ሲቀንስ ይቀንሳሉ። ሰውነታቸው ሰልፋውን በዝግታ የሚያስወግድ ሰዎች አሉ፤ ይህ በዘር የሚወረስ ጠባይ ሲሆን እነርሱ ከሌላው ይልቅ ይቸገራሉ። እርስዎ በቀን የሚወስዱት 4 ግራም ከፍተኛው የተለመደ መጠን ነው፤ ደሙ ቆሞ ብግነቱ ሲበርድ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ወደ 2 ግራም ያወርዱታል። ስለዚህ ወደ ሐኪምዎ ደውለው መጠኑን የሚቀንሱበት ጊዜ መድረስ አለመድረሱን ይጠይቁ። ጨጓራው አልቀበል ሲል የተለመደው መንገድ መጠኑን በግማሽ ቀንሶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀስ እያሉ መልሶ ማሳደግ ነው፤ ያም ካልረዳ ሐኪሙ ከ5 እስከ 7 ቀን አስቁሞ በአነስተኛ መጠን ዳግም ሊያስጀምርዎት ይችላል። ጨጓራ ውስጥ እንዳይሟሟ ልዩ ሽፋን ያለው ክኒንም አለ፤ ይህኛውን ግን ሰብሮ ወይም ፈጭቶ መውሰድ አይገባም።

በባዶ ሆድ መዋጥዎን በተመለከተ ግምትዎ ትክክል ነው። መድኃኒቱ ከምግብ በኋላ፣ ቀኑን በእኩል ተከፋፍሎ፣ በብዙ ውኃ መወሰድ አለበት፤ በሌሊትም ቢሆን በሁለት ውጠቶች መካከል ከ8 ሰዓት በላይ እንዳያልፍ ይመከራል። ስለ ጾሙ የንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አታስገድድም፤ የጾም ምግብም ቢሆን ጠዋት ቀምሰው መድኃኒቱን ቢወስዱ ሰውነትዎ ያመሰግንዎታል።

አሁን በጣም ወደ አስጨነቀዎት። ሰልፋው የወንድ ዘር ቁጥርን ይቀንሳል፣ እንቅስቃሴውንም ያዳክማል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ዘላቂ ምክነት አይደለም። መድኃኒቱ ከቆመ ወይም ሰልፋ በሌለው በሜሳላዚን ከተተካ በኋላ ብዙውን ጊዜ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ አዲስ የወንድ ዘር ለመብሰል የሚፈጅበት ጊዜ ያን ያህል ነውና። የተፈጠረ ልጅ ላይ ጉዳት ያስከትላል ብለውም አይስጉ። ልጅ ማሰብዎን ለሐኪምዎ በግልጽ ይንገሩ፤ ብዙ ወንዶች በእኛ አገር ይህን ለመናገር ስለሚያፍሩ ሐኪሙ ሳያውቅ ዓመታት ያልፋሉ፤ የሚስት ችግር ተደርጎ የሚቆጠርበትም ጊዜ አለ፤ ይህ ደግሞ በጣም ያሳዝነኛል።

ያልጠቀሱት ግን የምጠይቅዎ አንድ ነገር አለ፤ ፎሊክ አሲድ ታዞልዎታል? ሰልፋሳላዚን ፎሌት የተባለው ቫይታሚን በአንጀት እንዳይመጠጥ ያደናቅፋል፤ ለረጅም ጊዜ የሚወስዱት ሰዎች በዚህ ምክንያት ደም ማነስ ሊይዛቸው ይችላል። ፎሊክ አሲድ ርካሽና በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝ ነው። ሌላው አንቲባዮቲክ ነው፤ አምፒሲሊንና ሪፋምፒሲን የአንጀት ባክቴሪያዎችን ስለሚቀንሱ ክኒኑ ሳይከፈል ሊያልፍና ሥራው ሊዳከም ይችላል፤ ስለዚህ ለሌላ ሕመም መድኃኒት ሊታዘዝልዎ ሲል ሰልፋሳላዚን እንደሚወስዱ ይናገሩ።

አደገኛ የሆኑትን ልብ ብለው ያንብቡ። የጉሮሮ ሕመም ከትኩሳት ጋር፣ የአፍ ውስጥ ቁስል፣ ያለ ምክንያት የሚወጣ ሰንበር፣ የቆዳ ሽፍታ በተለይም ከንፈርንና ዓይንን የሚያቆስል ወይም ከትኩሳትና ከዕጢዎች እብጠት ጋር የሚመጣ፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የትንፋሽ ማጠር፦ ከእነዚህ አንዱ ከታየ ቀጣዩን ክኒን ሳይውጡ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መድረስ ያስፈልጋል። ሰልፋው አልፎ አልፎ የመቅኔን ሥራ አዳክሞ ነጭ የደም ሴሎች በአደገኛ ሁኔታ እንዲያንሱ ያደርጋል፤ ይህ ብዙውን ጊዜ የሚከሰተው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። መግለጫው የደም ሴል ቆጠራና የጉበት ምርመራ ከመጀመር በፊት፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በየሁለት ሳምንቱ፣ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት በየወሩ፣ ከዚያ በየሦስት ወሩ እንዲደረግ የሚመክረውም ስለዚህ ነው። እርስዎ እስካሁን ካልተመረመሩ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ይመርመሩ። ከዚህ ቀደም በሰልፋ መድኃኒት፣ ለምሳሌ በኮትሪሞክሳዞል፣ አለርጂ ኖሮዎት የሚያውቅ ከሆነም ይህን ዛሬውኑ ለሐኪምዎ ማሳወቅ አለብዎት።

እናት ከሜሪላንድ

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ እኔ የምጨምረው ሰልፋ የሌለው መድኃኒትም ከችግር ነፃ አለመሆኑን ነው፤ «ወደ ሜሳላዚን ብቀየር ሁሉም ያልቃል» የሚል ተስፋ ብቻ ይዛችሁ እንዳትቀሩ።

እኔ የምኖረው አሜሪካ ሲሆን እዚህ ሜሳላሚን ብለው የሚጠሩት ይኸው ሜሳላዚን ነው የታዘዘልኝ። ብዙ ሰው ያለ ምንም ችግር ይወስደዋል፤ የሰልፋሳላዚን ማቅለሽለሽና ራስ ምታት ያስቸገራቸው ብዙዎችም ተቀይረው ተመችቷቸዋል። በእኔ ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። መድኃኒቱን ከጀመርኩ ጥቂት ሳይቆይ የሆድ ቁርጠቱ ከቀድሞው ባሰ፣ ተቅማጡ ደም እየቀላቀለ ጨመረ፣ ትኩሳትና ራስ ምታት ተከተለ። ለማንኛውም ሰው የሚመስለው በሽታው ማገርሸቱ ነው፤ ስለዚህም መጠኑ እንዲጨመርልኝ ተወስኖ ነበር። የምከታተልበት ክሊኒክ ውስጥ አንዲት ነርስ ግን ምልክቱ የተነሣው መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ መሆኑን አስተውላ ለሐኪሙ ነገረችልኝ፤ መድኃኒቱ ሲቆም ትኩሳቱም ቁርጠቱም በጥቂት ቀናት ውስጥ ለቀቀኝ።

ይህ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ የተጻፈ የታወቀ ነገር ነው፤ ከመቶ ሰዎች ሦስት ያህሉን እንደሚያጋጥምና ከበሽታው ማገርሸት ለመለየት እንደሚያስቸግር ያስጠነቅቃል። መድኃኒቱ በሽታውን መስሎ ሲመጣ የመጀመሪያው ሐሳብ «አልበቃኝም» ይሆናል፤ መጠኑ ሲጨመር ደግሞ ሕመሙ ይጨምራል። ስለዚህ ማናችሁም ሜሳላዚን ስትጀምሩ የጀመራችሁበትን ቀንና ምልክቱ የመጣበትን ቀን በወረቀት ጻፉ፤ ሐኪሙ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ የሚያስተውለው ብዙ ነገር አለ። በሰልፋሳላዚንም ላይ፣ ያው ሜሳላዚን በውስጡ ስላለ፣ ይህ ሊደርስ ይችላል።

ሌላው ኩላሊት ነው። ሜሳላዚን አልፎ አልፎ በኩላሊት ላይ ብግነት ያስነሣል፤ ክፋቱ ብዙውን ጊዜ ምንም ሕመም ሳይሰማ ቀስ ብሎ መምጣቱ ነው። እዚህ ክሬያቲኒን የሚባለውን የደም ምርመራ ከመጀመሬ በፊት አሠርተውኛል፤ በብሪታንያ ያለው ልማድ ደግሞ ከመጀመር በፊት፣ ከሦስት ወር በኋላና ከዚያ በየዓመቱ መመርመር ነው። ከሆድ የላይኛው ክፍል ተነሥቶ ጀርባ የሚደርስ ብርቱ ሕመም ቢመጣ የቆሽት ብግነት፣ ደረትን የሚወጋ ሕመም ቢመጣ የልብ ሽፋን ብግነት ሊሆን ስለሚችል አይናቁ፤ ሁለቱም የሚያጋጥሙት ጥቂት ሰዎችን ብቻ ነው፤ ሲያጋጥሙ ግን ሳይዘገዩ ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

የሸዋው (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁለታችሁም የጻፋችሁትን ለባለቤቴ አንብቤላታለሁ፤ ከእኔ ይልቅ የተረጋጋችው እርሷ ናት። ፎሊክ አሲድ አልታዘዘልኝም፤ የደም ምርመራም መድኃኒቱን ስጀምር ብቻ ነው የተደረገልኝ፤ ሁለቱንም አስደርጋለሁ።

ስለ ፕሬድኒሶሎኑም ልጠይቅ። አሁን 15 ሚሊግራም ላይ ደርሻለሁ። ፊቴ አብጧል፤ እንቅልፍ ሌሊቱን ሙሉ ይሸሸኛል፤ በትንሹም እቆጣለሁ። ጓደኞቼ «ይህ መድኃኒት አጥንት ይበላል፣ ቶሎ ጣለው» ይሉኛል። ለራስ ምታቱ ደግሞ መድኃኒት ቤት ስጠይቅ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ውሰድ ተባልኩ፤ ገና አልወሰድኩም፤ ልውሰድ?

የውስጥ ደዌ ሐኪም

ለመጨረሻው ጥያቄዎ በመጀመሪያ ልመልስ፦ አይውሰዱ። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና የእነርሱ ዝርያዎች ብግነትን የሚያበርዱ ቢባሉም የአንጀትዎን ብግነት አያበርዱም፤ በተቃራኒው በአንዳንድ ሕመምተኞች ላይ የበረደውን ኮላይተስ ዳግም ሊቀሰቅሱ ይችላሉ፤ ከፕሬድኒሶሎን ጋር አብረው ሲወሰዱ ደግሞ ጨጓራን የማቁሰልና የማድማት አደጋቸው በጣም ይጨምራል። ለወገብ ሕመም «አንድ መርፌ ውጉኝ» ብሎ ዳይክሎፌናክ መወጋትም ያው ነው። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል በተገቢው መጠን ይውሰዱ።

ፕሬድኒሶሎንን በተመለከተ ጓደኞችዎ የሚሉት ግማሽ እውነት ስላለው ነው አደገኛ የሆነው። በ1955 ትሩላቭና ዊትስ የተባሉት የኦክስፎርድ ሐኪሞች የፕሬድኒሶሎን ዘመድ የሆነውን ኮርቲዞን ለኮላይተስ ሕሙማን ሰጥተው ያደረጉትን ጥናት ከማሳተማቸው በፊት፣ ከባድ የበሽታው ጥቃት ብዙ ሰው የሚገድል ነበር። ስለዚህ ይህ መድኃኒት እርስዎን ከከፋ ነገር አውጥቶዎት ሊሆን ይችላል። ሆኖም በሽታው እንዳያገረሽ የመጠበቅ ችሎታ የለውም፤ ብግነቱን ካበረደ በኋላ ቦታውን ለሌላ መድኃኒት ለቆ መውጣት አለበት፤ ሐኪምዎ በየሳምንቱ የሚቀንስልዎትም ለዚህ ነው።

በአንድ ጊዜ መጣል ግን አይቻልም። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ፕሬድኒሶሎንን የሚመስለውን ኮርቲዞል የተባለ ሆርሞን በየቀኑ ያመርታሉ፤ ከውጭ ክኒን ለሳምንታት ሲገባላቸው ሥራቸውን ያቆማሉ፤ ክኒኑ በድንገት ሲቋረጥ ወዲያው አይነቁም። ያኔ ብርቱ ድካም፣ ማስመለስ፣ የደም ግፊት መውደቅ፣ አልፎም ራስን ስቶ መውደቅ ሊከተል ይችላል። ቀስ በቀስ የሚቀነሰው ዕጢዎቹ እንዲነቁ ጊዜ ለመስጠት ነው። መድኃኒቱን ጨርሰው እንኳ በቀጣዮቹ ወራት ከባድ ሕመም ቢይዝዎ ወይም ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግዎ ፕሬድኒሶሎን ወስደው እንደነበር ለሚያክምዎ ሐኪም ይንገሩ።

የፊት እብጠቱ መጠኑ ሲቀንስ ይመለሳል። የዕለቱን መጠን በሙሉ ጠዋት ከቁርስ በኋላ መውሰድ ለእንቅልፍዎ ይረዳል፤ ማታ የሚወስዱ ከሆነ ይህን ይቀይሩ። ቁጣው ከመድኃኒቱ ነው፤ ቤተሰብዎ ይህን ቢያውቁ መልካም ነው፤ ሐሳብዎ ከጨለመ ወይም ከእውነታ የራቀ ነገር መስማትና ማየት ከጀመሩ ግን በዚያው ቀን ይታዩ። የደም ስኳርና የደም ግፊት ይለኩ፤ ስኳር በሽታ የሌለበት ሰው እንኳ በዚህ መድኃኒት ስኳሩ ከፍ ሊል ይችላል፤ ብዙ መጠማትና ደጋግሞ መሽናት የዚህ ምልክት ነው። ስለ አጥንት የተነገረዎት እውነት የሚሆነው መድኃኒቱ ለወራት ሲወሰድ ወይም በየዓመቱ ሲደጋገም ነው፤ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ አብሮ የሚታዘዘውም ስለዚህ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ፕሬድኒሶሎን ካስፈለገዎት ሐኪምዎ የሰውነትን መከላከያ በማለዘብ ብግነቱን የሚቆጣጠረውን አዛታዮፕሪንን ወይም ሌላ መድኃኒት እንዲያስብ የሚያስገድደው ያ ነው።

አሁን ለአገራችን ሰዎች ከሁሉ ይልቅ ላስተላልፈው የምፈልገውን ልናገር። ፕሬድኒሶሎን የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ተኝተው የቆዩ ተሕዋስያንን ይቀሰቅሳል፤ በእኛ አገር ደግሞ እነዚህ ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው አሜባ ነው። አሜባና አልሰረቲቭ ኮላይተስ ሁለቱም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣሉ፤ ኮላይተስ ያለበት ሰው ለወራት የአሜባ መድኃኒት ሲወስድ መቆየቱ የእርስዎም ታሪክ ነው፤ የተገላቢጦሹ፣ ማለትም አሜባ ላለበት ሰው ኮላይተስ ነው ተብሎ ፕሬድኒሶሎን መስጠት ግን አንጀት እስከ መበሳት ሊያደርስ ይችላል። በሽታው ባገረሸ ቁጥር ሰገራ መመርመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ የተሸሸገ ጀርም ካለ መጀመሪያ እርሱ መወገድ አለበት።

ሁለተኛው ስትሮንጂሎይደስ የተባለው ክር መሰል ትል ነው። በባዶ እግር በሚረገጥ አፈር በኩል ቆዳን በስቶ ይገባል፤ ከሌሎቹ ትላትል የሚለየው በዚያው በሰውነት ውስጥ ራሱን እያባዛ ያለ አዲስ ልክፍት ለአሥርተ ዓመታት መኖር መቻሉ ነው። ጤነኛ ሰው ላይ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል፤ ፕሬድኒሶሎን ሲጀመር ግን ተባዝቶ ወደ ሳንባና ወደ ደም ሊሠራጭ ይችላል፤ ያኔ ብዙውን ጊዜ ገዳይ ነው። በተለመደው የሰገራ ምርመራ አንድ ጊዜ ታይቶ ባይገኝ የለም ማለት አይደለም፤ አይቨርሜክቲን የተባለው መድኃኒት ግን በደንብ ያጠፋዋል። ይህን የምጽፈው በውጭ ለሚኖሩ እህት ወንድሞችም ጭምር ነው፤ በልጅነታቸው በገጠር ያደጉ ሰዎች ከአገር ከወጡ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንኳ ትሉን ይዘውት ሊኖሩ ይችላሉ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ያለው ሐኪም ደግሞ ስለ ትውልድ አገራቸው ካልተነገረው ላያስበው ይችላል።

ሦስተኛው ሳንባ ነቀርሳ፣ አራተኛው ሄፓታይተስ ቢ ነው። በተለይ ሰልፋሳላዚኑና ሜሳላዚኑ አልበቃ ብለው እንደ ኢንፍሊክሲማብ ያለ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ከታሰበ፣ የተኛ ቲቢ መኖር አለመኖሩ በምርመራና በደረት ራጅ ሳይታይ፣ ሄፓታይተስ ቢም በደም ሳይመረመር መጀመር አይገባም።

በመጨረሻም፣ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ደም የቀላቀለ ሰገራ ቢኖርዎና ከዚያ ጋር ትኩሳት ከ37.8 ዲግሪ በላይ ወይም የልብ ምት በደቂቃ ከ90 በላይ ቢሆን፣ ይህ በቤት የሚታከም አይደለም፤ ሆስፒታል ይግቡ። ሆድ ቢነፋና ቢደድር ደግሞ አንድ ሌሊትም አይደር።

የኮምቦልቻ ልጅ፣ ከዱባይ

አሰላሙ ዓለይኩም ወንድሜ። እኔም ሰልፋሳላዚን ለረጅም ጊዜ ስወስድ ቆይቼ ልጅ ስላልመጣልን ሁለታችንም ስንመረመር የእኔ ዘር ቁጥር ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ወደ ሜሳላዚን ከቀየረልኝና ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ በተደረገው ምርመራ ቁጥሩ ተስተካክሎ ነበር፤ አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ሴት ልጅ አለችን። ስለዚህ ተስፋ አይቁረጡ፤ ደግሞም ባለቤትዎ ላይ ምርመራ ከመጀመሩ በፊት የእርስዎ ይቅደም፤ ቀላልና ፈጣን ነው።

በረመዳን ስለሚሆነውም ልጨምር፤ ከእኛ ዘንድም ይህ ችግር አለና። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ የሜሳላዚን ዓይነት ስላለ ሐኪሜ በኢፍጧር ሰዓት እንድወስደው አድርጎልኛል። በሽታው በተነሣበት ወቅት ግን አልጾምኩም፤ ሃይማኖታችንም ለሕመምተኛ ፈቃድ ሰጥቷል። እዚህ ባለው ሙቀት ውኃ ሳይጠጡ መዋል ለኩላሊት ጥሩ አይደለም፤ ሜሳላዚን ራሱ ጠጠር ሊሠራ እንደሚችል በመግለጫው ተጽፏል።

የሸዋው (ጠያቂ)

ወንድሜ፣ አላህ ልጅዎን ያሳድግልዎ። ዛሬ ለሐኪሜ ደውዬ ሁሉንም ነግሬዋለሁ፤ ቀጠሮዬን ወደ ቀጣዩ ሳምንት አምጥቶልኛል፤ እስከዚያ ሰልፋሳላዚኑን በግማሽ ቀንሼ ከምግብ በኋላ እንድወስድና የደም ሴል ቆጠራ፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ ይዤ እንድመጣ አዟል። ወደ ሜሳላዚን የመቀየሩን ሐሳብ ተቀብሎታል። እዚህ ዋጋው ከሰልፋሳላዚን እጅግ ይበልጣል፤ ሁልጊዜም አይገኝም። ፍራንክፈርት የምትኖር እህቴ ልትልክልኝ ፈቃደኛ ናት፤ ስለ መግዣው የምታስጠነቅቁኝ ነገር አለ?

ፋርማሲስት ከአዲስ አበባ

አለ። ሜሳላዚን የሚሸጠው በብዙ ስም ሲሆን ዋናው ልዩነት መድኃኒቱ በአንጀት ውስጥ የሚለቀቅበት ቦታ ነው፤ ፔንታሳ ከትንሹ አንጀት ጀምሮ ቀስ እያለ ይለቃል፣ አሳኮል ደግሞ የሚለቀው ትንሹ አንጀት መጨረሻ አካባቢ ደርሶ ነው። ስለዚህ እህትዎ ከመግዛታቸው በፊት ሐኪምዎ ስሙንና የአንዱን ክኒን መጠን በወረቀት ይጻፍላቸው፤ በየጊዜውም ያው ዓይነት ይላክ። ብግነቱ ፊንጢጣ አካባቢ ብቻ የተወሰነ ከሆነ በፊንጢጣ የሚገባው ዓይነት ከሚዋጠው በተሻለ ሊሠራ፣ ወደ ደም የሚገባውም አነስተኛ ሊሆን ስለሚችል የኮሎኖስኮፒ ውጤትዎ ላይ ሕመሙ የት ድረስ እንደሚዘልቅ ይጠይቁ።

መጠኑን ከሰልፋሳላዚን ጋር በግራም አያነጻጽሩ። በ1 ግራም ሰልፋሳላዚን ውስጥ ያለው ሜሳላዚን 400 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ በወረቀቱ ላይ 2 ግራም ሜሳላዚን ቢያዩ መድኃኒቱ ተቀነሰብኝ ብለው አይስጉ። ክኒኑን አይስበሩ፣ አይፍጩ፤ አንዳንድ ጊዜ ባዶ የክኒን ሽፋን በሰገራ ውስጥ ሊያዩ ይችላሉ፤ ይህ በራሱ ምንም አይደለም፤ ሙሉ ክኒን ደጋግሞ ሳይሟሟ ከወጣ ግን ለሐኪምዎ ይንገሩ። የሚላከው ቢያንስ የሦስት ወር ይሁን፤ ሰልፋሳላዚኑንም ሜሳላዚኑ እጅዎ ሳይገባና የክሬያቲኒን ውጤትዎ በሐኪም ሳይታይ አያቁሙ።